ከሐውልቱ ግርጌ ያለው ስም

ሙሉእመቤት ቅናተኛ ናት። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ ራሷም አትደብቀውም። ካምፓላ፣ ካባላጋላ መንገድ ዳር ባለው የውበት ሳሎኗ ፀጉሬን በቢጎዲን እየጠቀለለች፣ «እኔ እኮ ባምላክ ለሴት ዜና አንባቢ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ካደረገ እንኳ እራቴ አይወርድልኝም» ትለኝ ነበር። ሁለታችንም እንስቃለን። እኔ ከልቤ፣ እሷ ከአንገት በላይ።

ሟችን አያስቀይምብኝና ባሏ ባምላክ እንዲህ የሚያስቀና ሰው አልነበረም። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ በተከራያት አንዲት የቆርቆሮ ሼድ የጭነት መኪና ራዲያተር ይጠግናል። ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ሸሚዙ ከቀበቶው ሾልኮ ይወጣል፤ ቀልድ ሲነገር ከሁሉም በኋላ ይስቃል። ሙሉእመቤት የምታየው ግን ሌላ ሰው ነበር። በእሷ ዓይን ካምፓላ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ባምላክን ለመንጠቅ ቀን ትጠብቃለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሮዳስ።

ሮዳስ ሙየንጋ ዳገት ሥር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እንደ ባምላክ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ባምላክ ምሳውን የሚበላው እሷ ጋ ነበር። «ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ምግብ የጠፋ ይመስል በቦዳ ሞተር ሳይክል ሙየንጋ ድረስ የሚሄደው ለምኑ ነው?» ትላለች ሙሉእመቤት። እኔም እዚያ ስንት ቀን በልቻለሁ፤ ባምላክ ሚጥሚጣ ጨምሪልኝ ከማለት ያለፈ ነገር ሲናገር አልሰማሁም። ይህንኑ ብነግራት፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታያለሽ? ጥብስ ከቀረበልሽ ዓይንሽ ሳህኑ ላይ ነው» አለችኝ። በዚህስ አልዋሸችም።

ቅናቷ ከየት እንደመጣ ሳስበው፣ ባምላክ ስለ ራሱ የማያወራ ሰው መሆኑ ይመስለኛል። እናቱ በልጅነቱ ሞታበታለች፤ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲንከራተት ነው ያደገው። ሙሉእመቤት ስለዚያ ዘመን ብትጠይቀው «ተይው ባክሽ» ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከሮዳስ ጋር ግን ስለ ደብረ ብርሃን ብርድና ስለሚያውቋቸው ሰዎች ሲያወራ ሰምታዋለች። ለእሷ የተዘጋው በር ለሌላ ሴት ሲከፈት ያየች መሰላት። ይህ ማንንም ሴት ያማል፤ ሙሉእመቤትን ደግሞ ይብሳል።

አደጋው የደረሰ ዕለት የጽዋ ማኅበራችን እነ ሙሉእመቤት ከሚኖሩበት ከሙቱንጎ በታች ካለው የሐይቅ ዳርቻ በጀልባ ተሳፍሮ ወደ አንዲት ደሴት ሄደ። የዳርቻው ሰዎች፣ ማለትም የዚያ ሰፈር ትንሽዬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም አብረው ነበሩ። እኔ ውሃ ስለምፈራ ቀረሁ። ሙሉእመቤት ቅዳሜ ስለነበር የሙሽራ ፀጉር ይዛ ቀረች። ባምላክ እንኳን ለጽዋ ማኅበር ለፋሲካም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው እየተጎተተ ነበር፤ ያን ቀን ግን የተጠበሰ ዓሣ አለ ስላሉት ሄደ። ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋም ተገለበጠች። ከእኛም ከእነሱም ብዙ ሰው አለቀ። የሌሎቹ አስከሬን በየተራ ወጣ፤ የባምላክ ግን አልወጣም። እስከ ዛሬም አልተገኘም።

ሮዳስ ተረፈች። ቢጫ ጀሪካን አቅፋ ስትንሳፈፍ ዓሣ አጥማጆች አወጧት። ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ ጀሪካኑ የባምላክ ነበር፤ ለእሷ ሰጥቷት ነው የሰጠመው ተባለ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ወሬው ግን ሙቱንጎ፣ ሙሉእመቤት ግቢ ውስጥ ከተጣለው የልቅሶ ድንኳን ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ሮዳስ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ክንዷ በፋሻ ታስሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከንፈሯ ደርቆ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ሙሉእመቤት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ፣ «ባሌን አስምጠሽ ደግሞ ልታለቅሺልኝ ትመጫለሽ?» ብላ ጮኸች።  ሮዳስ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ሴቶች ግን ግራና ቀኝ ይዘው አስወጧት። ከያዟት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ነው።

በዚያው ቀን ቄሳችን ቀሲስ መሳይ መጥተው ከሙሉእመቤት አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ፍትሐቱን እንድናደርስ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሏት። ሙሉእመቤት አታውቀውም ነበር። እሷና ባምላክ የተጋቡት እዚሁ ካምፓላ በመንግሥት ቢሮ ፈርመው፣ ከዚያም በግቢያቸው ፍየል አስጠብሰው ነው። ተክሊል የለ፣ ቁርባን የለ፤ የክርስትና ስም የሚጠይቅ ካህን ፊት ቆመው አያውቁም። እሷ አንድ ሁለቴ ጠይቃው ነበር፤ እሱ «ረስቼዋለሁ» ብሎ ስቆ አለፋት።

አሁን ግን የድንኳኑ ሴቶች ሁሉ ዓይናቸውን ጥለውባታል። አላውቅም ብትል ምን እንደሚባል ታውቃለች። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቷ ውስጥ የመጣው፣ «ሮዳስ ታውቀው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነበር። ይህን የነገረችኝ ቆይታ ነው። ሐሳቡ እንደመጣባት ወዲያው «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች። ኃይለ ጊዮርጊስ የሞቱት አባቷ የክርስትና ስም ነው። እንግዲህ ፍትሐቱም፣ አርባውም፣ ሰማንያውም በዚሁ ስም ተደረገ። አባቷ ከሞቱ ከስንት ዘመን በኋላ ካምፓላ ላይ እንደ አዲስ ተጸለየላቸው፤ ባምላክ ግን በስሙ የሚጠራው አጣ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የሐውልቱ ነገር መጣ። የዳርቻው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በራሳቸው መሬት ላይ፣ ሐይቁን ትይዩ፣ የእመቤታችንን ሐውልት ሊያቆሙ ወሰኑ። መጎናጸፊያዋን ዘርግታ ከሥሩ ሰው የምትሰበስብ አድርገው ነው ያሰቧት። «የእናንተንም ሟቾች ስም በራሳችሁ ፊደል ጻፉ፤ አብረው ሞተው ለየብቻ አናስባቸውም» አሉን። ከእኛ ወገን ክርክር ተነሣ። ገሚሱ «እኛ ስዕል እንጂ ቅርጽ የለንም» ይላል፤ ገሚሱ «አገር ቤት መቃብር ላይ የተቀረጸው ሁሉ ምንድን ነው ታዲያ?» ይላል። ቀሲስ መሳይ ናቸው የቋጩት። «ለቅርጹ አንሰግድም። ስማቸው ካለበት ቆመን ግን እንጸልያለን። መሬቱ የእነሱ ነው፤ ሐዘኑ የጋራችን ነው» አሉ። የምንጸልይበት ስለሆነም የክርስትና ስማቸው ብቻ እንዲጻፍ ተወሰነ።

ሌላው ሟች ሁሉ መቃብር አለው። ባምላክ ግን ከዚያ ድንጋይ በቀር ምንም የለውም። ሙሉእመቤት ስለዚህ ሐውልቱን የራሷ አደረገችው። ቀራጺው ኪጎዚ የሚባል ኡጋንዳዊ ነው፤ ሥራ ቤቱ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ከባምላክ ሼድ ብዙም አይርቅም። በየሳምንቱ እየሄደች፣ እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን በጫፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል እየገዛችለት፣ ሲሚንቶው ሲቦካ፣ ብረቱ ሲታጠፍ ቆማ ታያለች። ሳሎኗን ለሠራተኞቿ ትታ እዚያ የምትውልበት ቀን ነበር።

ታዲያ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተፈራ አንድ ቀን ሳሎኗ ድረስ መጥተው፣ በምረቃው ዕለት ሸራውን የሚገልጡት ከአደጋው የተረፉ ሁለት ሰዎች እንደሆኑ ነገሯት። ከእነሱ አንድ ሰው፣ ከእኛ ሮዳስ። አቶ ተፈራ አየር መንገድ ነው የሚሠሩት፤ ክፉ ዜና በትሕትና መናገር ልምድ አላቸው። በሙሉእመቤት ፊት ግን አልሠራላቸውም።

«ባሌ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ሸራውን የምትገልጠው እሷ ናት?»

«ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ከሞት የተረፈ ሰው ይግለጠው ብለን ነው እኮ።»

«እኔስ ከምን ተረፍኩ?» አለች። 

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀሲስ መሳይ ድንጋይ ላይ የሚቀረጹትን ስሞች አነበቡ፤ ስሕተት ካለ ቤተሰብ እንዲያርም ነው። «ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ባለቤት» ሲሉ ሮዳስ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እጄን ያዝ አድርጋ «ማን አሉ?» አለችኝ። ደገምኩላት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

ሰኞ ሳሎን ነበርኩ፤ ፀጉሬ ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ገብቻለሁ። ሮዳስ ገባች። በዚያ በር ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ሙሉእመቤት ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

«ምን ልታዘዝ?» አለቻት፤ ለደንበኛ እንኳ እንዲህ አትልም።

«ስለ ባምላክ ስም ነው የመጣሁት። ኃይለ ጊዮርጊስ አይደለም። ወልደ ሚካኤል ነው።»

ካስኩን አጠፋሁት። ማንም ልብ አላለኝም።

ሙሉእመቤት ፊቷ ተቀያየረ። «የክርስትና ስሙንም ወሰድሽው? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ተኝቼ ያላወቅሁትን፣ አንቺ ሽሮ እያቀረብሽ ሰማሽው?» አለች። አላውቅም ነበር ማለቷን ያስተዋለችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

ሮዳስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምግብ ቤት አይደለም። ውሃው ውስጥ ነው የነገረኝ። እኔ ካልወጣሁ ለሚስቴ ንገሪልኝ አለኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ ድንኳኑ ድረስ የመጣሁት። አስወጣሽኝ። ከዚያ ቄሱ ስሙን አገኙ ሲባል፣ ሚስቱ ናት መቼም ታውቀዋለች ብዬ ተውኩት። አርባውም ሰማንያውም ላይ አልመጣሁም። ትናንት ነው የሰማሁት።»

«ውጪልኝ» አለች ሙሉእመቤት። ሮዳስ ወጣች።

እኔ ከነቢጎዲኔ ተነሥቼ ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ብርጭቆውን አልመለሰችልኝም። «ባሌ በአባቴ ስም ይተኛ እንጂ ከዚያች ሴት አፍ በወጣ ስም አይተኛም» አለች። «የእሱ ቃል ነው እኮ፣ ሙሉ» አልኳት። «ለማን?» አለችኝ። «ለማን ነገረው? እሱን ንገሪኝ።» የዚያን ሳምንት ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። አንዴ ሮዳስ ዋሽታለች ትላለች፤ አንዴ ደግሞ አልዋሸችም ብላ ይብስ ትናደዳለች። ዋሽታ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት!

እንዲህ ስትብሰለሰል ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ደውላ ኪጎዚ ጋ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ የምታውቀውም አይመስለኝም። ሐውልቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ስሞቹ የሚቀረጹበት ጥቁር ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ኪጎዚ ፊደሎቹን ከወረቀት እያየ በጠመኔ ስሏቸዋል። አንዳቸውንም ማንበብ አይችልም፤ ሲስላቸው ግን አንድ እግር አላጎደለም።

ሙሉእመቤትን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ወንበር ጠርጎ አቀረበላት። «ማዳም፣ ነገ መቅረጽ እጀምራለሁ። ፊደላችሁን አላውቀውም። የባልሽ ስም የቱ ነው? አሳዪኝ፤ እሱን ለረዳቶቼ አልሰጥም፣ በራሴ እጅ ነው የምሠራው» አላት በእንግሊዝኛ።

ሙሉእመቤት ድንጋዩ ላይ ጎንበስ አለች። ጣቷ በስሞቹ መሃል እየሄደ የአባቷ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ኪጎዚ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠብቃል። ይህ ነው ብላ ብትነግረው ከእኔና ከሮዳስ በቀር የሚያውቅባት የለም። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

«እዚህ የለም» አለች በመጨረሻ።

ኪጎዚ ደነገጠ። «ረሱት?»

«አይ፣ እኔ ነኝ» ብላ የአባቷን ስም በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ጠመኔውን ተቀብላ በቦታው ወልደ ሚካኤል ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተጣመመ፤ ኪጎዚ በኋላ አቃናው።

ከዚያው ቀጥታ ቀሲስ መሳይ ዘንድ ሄደች። እግራቸው ላይ ወድቃ ነገረቻቸው። «ልጄ፣ የማንን ነፍስ ስንለምን እንደነበረ እግዚአብሔር አይጠፋውም። አባትሽም ቢሆኑ ጸሎት አይበዛባቸውም» አሏት። ፍትሐቱ በትክክለኛው ስም እንደገና ተደረሰ። ወሬው በእርግጥ ካምፓላን አዳረሰ፤ ሚስቱ ያላወቀችውን ሮዳስ አወቀችው ተባለ። ሙሉእመቤት የፈራችው ሁሉ ደረሰባት፤ ሳሎኗ የመጡ ሴቶች ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ሰርቀው ያዩዋታል። ቅናቷም አልለቀቃት። «ስሙን ባየሁት ቁጥር በእሷ ድምፅ ነው የሚሰማኝ» አለችኝ።

የምረቃው ዕለት ዳርቻው በሰው ሞላ። የእነሱ መዘምራን በሉጋንዳ ዘመሩ፤ የእኛ ካህናት ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። ሮዳስና አንድ ኡጋንዳዊ ሽማግሌ ሸራውን ሳቡት። ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የእመቤታችንን ፊት ሲያይ፣ ሙሉእመቤት የምታየው የሮዳስን እጅ ነበር። ስሞቹ ተነበቡ። ወልደ ሚካኤል ሲባል አማተበች።

ከዚያ ሰዉ ማቶኬ ለሚሉት የተቀቀለ ሙዝና ለዓሣው ወደ ምግቡ ድንኳን ሲያመራ፣ ሙሉእመቤት ሮዳስን በክንዷ ይዛ ወደ ውሃው ዳር ወሰደቻት። ልትገፈትራት ነው ብዬ ተከተልኩ። ባይሆንም እከተል ነበር።

«ጀሪካኑን የለቀቀው ለአንቺ ብሎ ነው?» አለቻት።

«ሁለታችን ስንይዘው ይሰጥም ነበር። ምን አስቦ እንደለቀቀ አላውቅም። ዞር ስል አልነበረም።»

«ሌላ ሴት ብትሆንስ ይለቅ ነበር?»

«አላውቅም፣ ሙሉእመቤት። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው።»

 «እቀናብሻለሁ» አለች ሙሉእመቤት፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ሞት ቢሆንም እቀናብሻለሁ። መጨረሻ ላይ ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን እንዳለ፣ ልክ እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ። ሳሎን አሳጥረሽብኛል።»

ሮዳስ ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። «ያን ዕለት ሰው ነበረ» አለች። ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ፤ ከመስሚያ ግን አልራቅሁም።

«‘ሚስቴ አታውቀውም፤ ሰው ፊት ሲጠይቋት ታፍራለች። ወልደ ሚካኤል በያት’ አለኝ። ከዚያ ከለቀቀ በኋላ ስምሽን ጠራ። እኔን አልነበረም የሚያየው፤ ወደ ዳር፣ ወደ ሙቱንጎ ዞሮ ነው የጠራሽ።»

«እንዴት ብሎ?»

ሮዳስ አፈረች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ድንኳኑም ዞር ብላ አየች። ሙሉእመቤት አልለቀቀቻትም። «እንዴት ብሎ ጠራኝ? እንደጠራኝ ጥሪኝ።»

ሮዳስ ዓይኗን ጨፍና፣ ሩቅ እንዳለ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሙሉዬ!» አለች።

«ወዬ» አለች ሙሉእመቤት።